እንቅርትና መርፌ፤ ከአንገት እብጠት የሚቀዳው ናሙና ለቤተ ሰብ ምን ይናገራል?

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለሕመም ሁሉ የተነገረ ቢሆንም፤ ለእንቅርት ግን ይልቁን የተገባ ይመስላል። ሌላው ሕመም በሆድ ወይም በአጥንት ውስጥ ተሰውሮ ሳለ ባለቤቱ ይገልጠዋል፤ እንቅርት ግን በአንገት ላይ ወጥቶ ለሁሉ እየታየ ባለቤቱ ይሸፍነዋል። ይህን እብጠት ከነጠላዋ ወይም ከሻሽዋ በታች ሸሽጋ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት የኖረች እናት በይፋት ቆላም ሆነ በደጋው ብትፈለግ አትታጣም።

ይህም መሸሸግ ከሁለት ነገር የተነሣ ነው። አንዳንዱ «እንቅርት የአገራችን ልማድ ነው፤ ማንን ገደለ?» ብሎ ይንቀዋል። ሌላው ደግሞ «ሐኪም ዘንድ ብሄድ ካንሰር ነው ይለኛል፤ መርፌም ቢነካው ይነሣብኛል» ብሎ ይፈራዋል። ንቀትና ፍርሃት በመልክ የማይመሳሰሉ ቢሆኑም ሰውን ወደ አንድ ስፍራ ያደርሱታል፤ ይኸውም ከሐኪም ቤት ደጅ ርቆ መቅረት ነው።

ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ ልናስረዳ የምንወደው፤ ከአንገት እብጠት በቀጭን መርፌ ተቀድቶ በአጕሊ መነጽር የሚመረመረው ናሙና ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ነው። ብዙ ሰው የመርፌው መልስ «ካንሰር ነው» ወይም «ካንሰር አይደለም» የሚል ብቻ ይመስለዋል። እውነቱ ግን መልሱ ስድስት ደረጃ ያለው መሰላል ነው። ይህን መሰላል ያወቀ ቤተ ሰብ ያለ ጊዜው አያለቅስም፤ መትጋት በሚገባውም ጊዜ አይተኛም።

ጨውና የይፋት አገር

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው የሚያገኟት፤ ከጣርማ በር ቍልቍለትና ከደብረ ሲና በታች የተቀመጠች የቆላ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው የቀወት ገበሬ ማሽላና ጤፍ፤ ማሾና ሽንኵርት ያመርታል፤ አገሩም በስተ ምሥራቅ ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል። ይፋት ከጥንት ጀምሮ የጨው መንገድ ነበረ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፤ ዛሬ በጂቡቲ ግዛት ካለው ከአሳል ሐይቅ የወጣ ጨው በአፋር ግመል ተጭኖ፤ ከአንኮበር ሥር ወዳለችው ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይወጣ ነበር። እንግዲህ ጨው ሳይታጣ እንቅርት ከወዴት መጣ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል።

መልሱ እንዲህ ነው። በአንገታችን ፊት ለፊት፤ ከማንቍርት በታች፤ የቢራቢሮ መልክ ያላት አንዲት ታናሽ ዕጢ አለች፤ ስሟም ታይሮይድ ይባላል። የሰውነትን ሙቀት፤ የልብን ምት፤ የሕፃናትንም ዕድገትና አእምሮ የሚመራውን ሆርሞን የምታዘጋጅ እርሷ ናት። ይህንም ለመሥራት አዮዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልጋታል። አዮዲን በባሕር የሚበዛ ሲሆን፤ ዝናምና ጎርፍ ለብዙ ዘመን ባጠበው አፈር ግን ጥቂት ነው፤ በዚያ አፈር የበቀለው እህልና አትክልትም እንዲሁ ከአዮዲን የራቀ ነው። ዕጢዋ አዮዲን ባጣች ጊዜ፤ ጥቂቱን ሁሉ አሟጥጣ ለመያዝ ስትል ታብጣለች። እብጠቱም በዘመን ብዛት እኩል መሆኑ ቀርቶ ጕብታ ጕብታ ያወጣል። ከሐይቅ ወይም ከባሕር የወጣ ጨው ደግሞ በተፈጥሮው የሚይዘው አዮዲን ለሰውነት የሚበቃ ስላይደለ፤ በፋብሪካ ሊጨመርበት ያስፈልጋል።

አገራችን ጨው የምታገኘው አስቀድሞ በብዛት ከኤርትራ ጠረፍ ነበር፤ ያም ጨው አዮዲን ይጨመርበት ነበር። በ1990 ዓ. ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ ይህ ተቋረጠ፤ ገበያውንም በአፋር ከአፍዴራ የሚወጣውና ከጂቡቲ የሚገባው አዮዲን የሌለው ጨው ያዘው። ከዚህ በኋላ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ. ም. የታተመ አገር አቀፍ ጥናት፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት ሴቶች መካከል ከመቶው 35.8 የሚሆኑት እንቅርት እንዳለባቸው ገለጠ፤ ከመቶው 11.5 የሚሆኑት ደግሞ ከሩቅ በዐይን የሚታይ ነበረ። ይህን ለማስቀረት በ2003 ዓ. ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝዝ ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶው በ15 ቤት ብቻ ሲሆን፤ በ2008 ዓ. ም. ግን ከመቶው በ89 ቤት ተገኘ።

ይህ ታላቅ በረከት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ጨው የሚጠብቀው ይልቁን የሚመጣውን ትውልድ ነው፤ ብዙ ዘመን ቆይቶ ጕብታ ያወጣውን የእናቶችን እንቅርት አያቀልጠውም። ስለዚህ ትላንት የበቀለው እብጠት ዛሬ መመርመሩ የግድ ነው።

ከእብጠቱ ስንቱ ክፉ ነው?

በመጀመሪያ የሚያጽናናውን ነገር እንናገር። ለሐኪም ከሚታዩት የታይሮይድ ጕብታዎች ከመቶው 85 የሚሆነው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ካንሰር አይደለም። የቀረውም ቢሆን አብዛኛው በዝግታ የሚያድግና በጊዜው ቢደረስበት የሚድን ነው። ሆኖም ጥቂቱ ከብዙው ጋራ አንድ መልክ ይዞ ስለሚኖር በዐይንና በእጅ ብቻ መለየት አይቻልም። ትልቅ እንቅርት ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ታናሽ ሁሉም ደግ አይደለም፤ የማያም እብጠት ሁሉ የዋህ አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ምልክቶች በታዩ ጊዜ ግን ቀጠሮ ሳያስረዝሙ ወደ ሐኪም መሄድ ያሻል። ይኸውም፤ ለዓመታት ሳይለወጥ የኖረ እንቅርት በጥቂት ሳምንት ወይም ወር ሲያድግ፤ ሲዳሰስ እንደ ድንጋይ ሲጠነክርና ከሥፍራው አልነቃነቅ ሲል፤ ድምፅ ያለ ጉንፋን ሲጐረና እንዲሁ ሲቀር፤ እህል መዋጥ ወይም መተንፈስ ሲያውክ፤ በአንገት ጎን ሌላ እብጠት ሲወጣ ነው። እብጠቱ በልጅ ወይም በወንድ አንገት ላይ የወጣ እንደ ሆነ፤ ከዘመድ መካከልም በዚህ ካንሰር የታመመ ካለ ጥርጣሬው ከፍ ይላል። በልጅነቱ አንገቱ በጨረር የተነካ ሰውም እንዲሁ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ዓ. ም. በቼርኖቢል የኑክሌር ማመንጫው በፈነዳ ጊዜ፤ በዚያ አካባቢ ሕፃናት የነበሩ ብዙዎች ከዓመታት በኋላ በታይሮይድ ካንሰር መያዛቸው የዚህ ምስክር ነው።

ስለ መርፌው አሠራር

ሐኪም ወዲያው ወደ መርፌ አይሄድም። አስቀድሞ አንገትን ይዳስሳል፤ ዕጢዋ ሆርሞን አብዝታ ወይም አሳንሳ እንደ ሆነ በደም ምርመራ ያያል፤ በአልትራሳውንድም የጕብታውን መጠንና መልክ ይመለከታል። ሆርሞን አብዝቶ የሚሠራ ጕብታ ካንሰር የሚሆነው እጅግ አልፎ አልፎ ስለ ሆነ፤ ይህን ለመሰለው ብዙ ጊዜ መርፌ አያስፈልግም። ታናሽና መልኩ የማያስጠረጥር ጕብታም ብዙ ጊዜ በመጠባበቅ ብቻ ይታለፋል። የሚያስጠረጥረው ግን በሐኪም ቤት ኤፍ ኤን ኤ ወደሚባለው የቀጭን መርፌ ምርመራ ይላካል።

የምርመራው ነገር በወሬ እንደሚነገረው አስፈሪ አይደለም። ታማሚዋ በጀርባዋ ተኝታ ከትከሻዋ በታች ትራስ ይደረግላታል፤ አንገቷም ቀና ይላል። ቆዳው በአልኮል ከተጠረገ በኋላ፤ ደም ለመቅዳት ከሚያገለግለው የሚቀጥን መርፌ ወደ ጕብታው ይገባል፤ ለጥቂት ሰኮንድ ወዲያና ወዲህ ይንቀሳቀሳል፤ ይወጣልም። በዚያች ጊዜ አለመዋጥና አለመናገር ብቻ ያስፈልጋል። ከልዩ ልዩ ቦታ ለመቅዳት ሁለት ሦስት ጊዜ ሊደገም ይችላል። ከዚያም የተወጋው ቦታ ለጥቂት ደቂቃ ተጭኖ ይያዛል፤ ታማሚዋም በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት። እርግዝና ለዚህ መርፌ እንቅፋት አይሆንም።

አንዲት የቀወት እናት «ልጄ፤ ብረት የነካው እብጠት ይነሣል ይላሉ፤ አይነሣብኝም ወይ?» ብላ ብትጠይቅ፤ ሐኪሙ «እማማ፤ አይነሣብዎትም። መርፌው የሚወስደው በዐይን የማይታይ ቅንጣት ነው። ያደገ ቢመስልዎት እንኳ፤ የሚያድገው ቀድሞ በውስጡ ባለው ጠባይ እንጂ በመርፌው አይደለም» ብሎ ቢመልስላት እውነት ተናገረ። በቀጭን መርፌ መንገድ የታይሮይድ ካንሰር መዛመቱ እጅግ ከመጠን በላይ ጥቂት ነገር መሆኑ በብዙ አገር ተረጋግጧል። ይልቅስ የሚጐዳው እንቅርትን በጋለ ብረት መተኮስና በማይታወቅ ሥር መቀባት ነው፤ ይህ ቆዳን አቍስሎ በሽታውን በውስጥ ይተወዋልና። በቀድሞ ዘመን እናቶቻችን በአንገታቸው ላይ የሚያደርጉት ንቅሳት ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርትን ይመልሳል ተብሎ ጭምር ነበር። ሐሳቡ የተቸገረ ሰው ሐሳብ ነው፤ ሊወቀስም አይገባም። ዛሬ ግን የተሻለ መርፌ ተገኝቷል።

ይህ መርፌ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930 ዓ. ም. በኒው ዮርክ የነበሩ ማርቲንና ኤሊስ የሚባሉ ሐኪሞች በወፍራም መርፌ ከእብጠት እየቀዱ መመርመር እንደሚቻል አሳተሙ፤ ኋላም በስዊድን አገር የሚገኙ ሐኪሞች በቀጭን መርፌ እንዲሠራ አስፋፉት። ከዚያ በፊት ጕብታው ክፉ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ጊዜ በቀዶ ጥገና ማውጣት ነበረባቸው። ዕጢዋን ያለ ማስተዋል ማውጣት ምን ያህል እንደሚጐዳም የስዊስ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር አሳይቷል። እርሱ በ1883 ዓ. ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ዕጢያቸው በሙሉ የወጣላቸው ሰዎች ሰውነታቸው አብጦ አእምሯቸው እንደ ደነዘዘ ገለጠ፤ በ1909 ዓ. ም.ም ስለዚህች ዕጢ ባደረገው ሥራ የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ ዕጢዋ የወጣላት ሴት የሆርሞን ኪኒን በየቀኑ ብትውጥ ደኅና ሆና ትኖራለች፤ ነገር ግን ኪኒኑ እስከ ዕድሜ ልክ ነው። እንግዲህ ከከተማ በራቀ ቀበሌ ለምትኖር ገበሬ፤ ያለ አስፈላጊነት ከሚደረግ ቀዶ ጥገና መዳን ራሱን የቻለ ታላቅ ትርፍ ነው። መርፌው የተገኘው ለዚህ ነው።

በአጕሊ መነጽር የሚታየው

የተቀዳው ጠብታ በመስተዋት ላይ ይቀባል፤ በቀለምም ይነከራል። ከዚያ በኋላ ፓቶሎጂስት የሚባለው የሕዋሳት መርማሪ ሐኪም በአጕሊ መነጽር ይመለከተዋል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የተቀዳው ለፍርድ ይበቃል ወይ?» የሚለውን ነው። ልማዱም፤ እያንዳንዱ 10 ወይም ከዚያ በላይ ሕዋሳት ያሉት ቢያንስ 6 ስብስብ ካልተገኘ ፍርድ አለመስጠት ነው። ምስክር ሳይሰማ የማይፈርድ ዳኛ እንዲመሰገን፤ በጥቂት ሕዋስ የማይፈርድ መርማሪም ሊመሰገን ይገባዋል።

ናሙናው ከደኅና እንቅርት የመጣ እንደ ሆነ፤ መርማሪው ኮሎይድ የሚባለውን ሙጫ የመሰለ ፈሳሽ በብዛት ያያል፤ ሕዋሳቱም እንደ ማር እንጀራ ዐይን እኩል እኩል ሆነው ተሰልፈው ይገኛሉ። ፓፒላሪ የሚባለው፤ ከታይሮይድ ካንሰር ሁሉ የሚበዛው ዓይነት እንደ ሆነ ግን፤ የሕዋሱ እምብርት ያብጣል፤ ይገረጣል፤ እርስ በርሱም ይደራረባል፤ በመካከሉም እንደ ቡና ፍሬ ያለ ስንጥቅ ይታይበታል። መርማሪው ይህን ስንጥቅ ብቻውን አይቶ አይፈርድም፤ ብዙ ምልክት አንድ ላይ ሲገኝ ነው።

ስድስቱ የመሰላል ደረጃዎች

ቀድሞ እያንዳንዱ ሐኪም ቤት ውጤቱን በየራሱ ቃል ይጽፍ ስለ ነበር፤ የአንዱ «ያስጠረጥራል» የሌላው «ምንም አይደል» እየሆነ ቀዶ ጥገና ሐኪሞች ይቸገሩ ነበር። ስለዚህ ሊቃውንቱ በ2007 ዓ. ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ በአሜሪካ ቤተስዳ በምትባል ከተማ ተሰብስበው አንድ ቋንቋ ተስማሙ። የከተማዋ ስም በዮሐንስ ወንጌል ከተነገረችው፤ ድውያን ፈውስ ይጠባበቁባት ከነበረችው መጠመቂያ የተወሰደ ነው። መሰላሉም የቤተስዳ ሥርዐት ተባለ፤ በ2023 ዓ. ም.ም ለሦስተኛ ጊዜ ታርሞ ታተመ። ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው ቍጥር ከዚሁ ከሦስተኛው እትም የተወሰደ መካከለኛ ግምት ነው።

1ኛ፤ በቂ ያልሆነ ናሙና። ይህ ማለት መርማሪው የሚፈርድበት ሕዋስ አላገኘም ማለት ነው፤ ደም ብቻ ወይም ውሃ ብቻ ተቀድቶ ይሆናል። ብዙ ቤተ ሰብ «ምንም አልተገኘም» የሚለውን ቃል «ደኅና ነሽ» ብሎ ይተረጕመዋል፤ ይህ ግን ታላቅ ስሕተት ነው። እንዲህ ካሉት ውስጥ ከመቶው 13 ያህሉ ኋላ ካንሰር ሆኖ ይገኛልና፤ በተቻለ መጠን በአልትራሳውንድ እየታየ መርፌው ሊደገም ይገባል።

2ኛ፤ ክፉ ያልሆነ። አብዛኛው የእንቅርት ናሙና በዚህ ደረጃ ይወድቃል። የካንሰር ግምቱ ከመቶው 4 ያህል ነው። ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው እንቅርቱ ጕሮሮን ያስጨነቀ ወይም እጅግ የገዘፈ እንደ ሆነ ነው። ይህ መልስ የመጣለት ሰው ደስ ይበለው፤ ነገር ግን ሐኪሙ በሰጠው ቀጠሮ ተመልሶ በአልትራሳውንድ መታየትን አይተው።

3ኛ፤ ትርጕሙ ያልተወሰነ። ሕዋሳቱ ከደኅናው ጥቂት ወጣ ያሉ ናቸው፤ ሆኖም ካንሰር ለማለት አያደርሱም። ግምቱ ከመቶው 22 ያህል ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው መርፌውን መድገም ነው፤ በድጋሚውም ብዙዎች ወደ ደኅናው ደረጃ ይወርዳሉ። አልትራሳውንዱ የሚያስጠረጥር እንደ ሆነ ግን ሐኪሙ ግማሹን ዕጢ ማውጣት ሊመክር ይችላል።

4ኛ፤ የፎሊኩላር ዕጢ። ግምቱ ከመቶው 30 ያህል ነው። ስለዚህ ደረጃ ከዚህ በታች ለብቻው እንናገራለን።

5ኛ፤ ካንሰር የሚያስጠረጥር። ከመቶው 74 ያህሉ ካንሰር ሆኖ ይገኛል። እዚህ ላይ መዘግየት አይገባም፤ መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ጥገና ነው።

6ኛ፤ ካንሰር። ከመቶው 97 ያህሉ እውነት ሆኖ ይገኛል። ቢሆንም ይህ ቃል የሞት ፍርድ አይደለም። ፓፒላሪ የሚባለው ዓይነት በጊዜው ከተደረሰበትና ከታከመ፤ አብዛኞቹ ታማሚዎች ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ።

እነዚህ ቍጥሮች በብዛት ከልዩ ልዩ አገር፤ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ሰዎች የተሰበሰቡ ናቸው። ስለዚህ ለአንዲቱ ታማሚ የሚሰጠው ምክር ከቍጥሩ ጋራ ዕድሜዋን፤ የአልትራሳውንዱን መልክና የራሷን ፈቃድ አስተባብሮ የሚመዝን መሆን አለበት።

መርፌው የማይናገረው

አራተኛው ደረጃ ብዙ ሰው ያስጨንቃል፤ «መርፌ ተወግቼ ሳለሁ ስለ ምን ቍርጡ አልተነገረኝም?» ያሰኛልና። ምክንያቱን በአገራችን ነገር እንመስለው። በሰንበቴ ገበያ እህል የሚገዛ ነጋዴ፤ ጫፉ የሾለ ባዶ ብረት ወደ ጆንያው ሰክቶ ጥቂት ፍሬ ያወጣል፤ በዚያችም እፍኝ ማሽላው ነቀዝ እንዳለበትና እንደሌለበት ያውቃል። ጆንያው በጎኑ የተቀደደ ይሁን አይሁን ግን በፍሬው አያውቅም። ፎሊኩላር የሚባለው ካንሰር ከደኅናው የፎሊኩላር ዕጢ የሚለየው በሕዋሱ መልክ ሳይሆን፤ የሸፈነውን ቅርፊት ጥሶ በመውጣቱ ወይም ወደ ደም ሥር በመግባቱ ነው። መርፌው ፍሬውን ያመጣል፤ ቅርፊቱን ግን አያመጣም። ስለዚህ የዕጢዋ ግማሽ ወጥቶ ቅርፊቱ በሙሉ እስኪመረመር ድረስ እርግጡን መናገር አይቻልም። በሐኪሙ ዘንድ የዕውቀት ጕድለት ኖሮ አይደለም፤ የነገሩ ጠባይ እንዲህ ነው። ይህም ለእኛ ይልቁን የሚነካ ነገር ነው፤ የፎሊኩላር ዓይነት አዮዲን በጐደለበት አገር ድርሻው ከፍ እንደሚል የታወቀ ነውና።

በሌላ በኩል ደግሞ ሁሉን ጕብታ እያሳደዱ መውጋትም ጥበብ አይደለም። በደቡብ ኮርያ ደኅና ሰዎችን ሁሉ በአልትራሳውንድ መፈተሽ በበዛ ጊዜ፤ በ1993 እና በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መካከል የታይሮይድ ካንሰር ታማሚ ቍጥር 15 እጥፍ ሆነ፤ በዚህ በሽታ የሚሞተው ሰው ቍጥር ግን አልተለወጠም። የተገኘው አብዛኛው፤ ባይነካ ኖሮ ማንንም የማይጐዳ ታናሽ እብጠት ነበረ ማለት ነው። እንዲሁም በ2016 ዓ. ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ሊቃውንት ቅርፊቱን ያልጣሰውን አንድ ዓይነት እብጠት ጠባዩን መርምረው ካንሰር የሚለውን ስም ከላዩ አነሡለት። ስምም ራሱ ቤተ ሰብን እንደሚያሳምም ስላወቁ ነው።

ለቤተ ሰብ የሚሰጥ ምክር

ከይፋት ቆላ ተነሥቶ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን፤ ወይም በስተ ሰሜን ወደ ደሴ፤ ወይም እስከ አዲስ አበባ ጥቍር አንበሳ ሆስፒታል መሄድ፤ የመንገዱ ዋጋና የሥራ መፍታቱ ለገበሬ ቤት ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ጕዞው በከንቱ እንዳይሆን የሚከተለው ይታሰብ።

መጀመሪያ በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዶ መታየትና የመላኪያ ወረቀት መቀበል ነው። ሁለተኛ፤ በሚላኩበት ሆስፒታል የመርፌው ምርመራ በየትኛው ቀን እንደሚሰጥና ውጤቱ በስንት ቀን እንደሚደርስ አስቀድሞ በስልክ ማስጠየቅ ነው። ሦስተኛ፤ ውጤቱ ሲሰጥ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ «ናሙናው በቂ ነበረ ወይ? ከስድስቱ ደረጃ በየትኛው ነው? ከእንግዲህ የምመለሰው መቼ ነው?» የእነዚህን መልስ ያልያዘ ሰው ገና ውጤቱን አልተቀበለም። አራተኛ፤ ወረቀቱን ከግብር ደረሰኝና ከጋብቻ ውል ጋራ በአንድ ቦታ ማኖር ነው፤ ከዓመት በኋላ የሚያየው ሐኪም ሌላ ሊሆን ይችላልና፤ የቀድሞው ወረቀት ሲኖር እብጠቱ ማደጉንና አለማደጉን ለማወቅ ይረዳዋል።

ባልም ይህን ነገር የሚስቱ ብቻ አድርጎ አይተወው። አማትም ምራቷን ወይም ልጇን «እኔ ይህን ያህል ዘመን ተሸክሜው ኖሬ የለምን?» ብላ አታስቀራት። ሜዱላሪ የሚባለው ጥቂት የሆነው ዓይነት በዘር ሊተላለፍ ስለሚችል፤ ይህ በአንድ ሰው የተገኘ እንደ ሆነ እኅቶቹና ወንድሞቹ፤ ልጆቹም መመርመር አለባቸው።

በቤት ደግሞ ጨው ሲገዛ አዮዲን ያለው መሆኑ በማሸጊያው ላይ ይታይ። ፀሐይና ርጥበት አዮዲኑን ስለሚያጠፉት፤ ይልቁንም በቆላው ሙቀት፤ ጨው በተከደነ ዕቃ ከምድጃና ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ፤ ወጥ ውስጥም ሊወጣ ሲል ይጨመር። እንቅርት ያለበት ሰው ግን ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ የአዮዲን መድኃኒት አብዝቶ አይውሰድ፤ ብዙ ዘመን የቆየ ጕብታ በድንገት አዮዲን ሲበዛበት ሆርሞን አብዝቶ ልብን ሊያስመታ ይችላልና።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚለው ተረት መከራ በመከራ ላይ ሲደረብ የሚነገር ነው። እንቅርቱ ከአዮዲን ማጣት መጣ፤ ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። በእርሱ ላይ ድንቍርናንና ፍርሃትን መደረብ ግን በእጃችን ያለ ነገር ነው። አንገቷን ሸፍና ወደ ገበያ የምትወርድ እናት ያለችው ቤት ሁሉ፤ በዚህ ሳምንት ሻሿን ገልጣ ለጤና ባለሙያ እንድታሳይ ያግባባት፤ በመንገዱም አብሯት ይሂድ። ከመቶው 85 የሚበልጠው ተጽናንቶ ይመለሳል፤ የቀረውም በጊዜው ይደረስለታል።